«የእናት አንጀት የልጅን አንጎል ይወስናል» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው የተቀባበለው አንድ ጽሑፍ ስለ እናት በሽታ የመከላከል አቅም፣ ስለ አንጀት ባክቴሪያና ስለ ፅንስ አንጎል ይናገራል። የእናት ሰውነት በሽታ ሲዋጋ የሚያመነጨው ንጥረ ነገር የፅንሱን አንጎል ስለሚጎዳ ማንኛውም ጉንፋንና ትኩሳት ኦቲዝም ያስከትላል ይላል። የእናት አንጀት ባክቴሪያዎች በእንግዴ ልጁ በኩል አልፈው ፅንሱ ውስጥ ይሰፍራሉ ይላል። በአይጦች ላይ በተደረገ ሙከራ ኦቲዝም የሚያመጣው ባክቴሪያ ተለይቷል ይላል። ከዚህ ተነሥቶ ነፍሰ ጡር ሴት አንቲባዮቲክ እንዳትወስድ፣ ክትባትም እንዳትከተብ ይመክራል፤ በምትኩ ሰገራዋን አስመርምራ ፕሮባዮቲክ (ጠቃሚ የሚባሉ ሕያው ባክቴሪያዎችን የያዘ ምርት) እንድትወስድ ያሳስባል።

ጽሑፉ ከባዶ የተነሣ አይደለም። የጠቀሳቸው ሙከራዎች በእርግጥ ተደርገዋል፤ አንዳንዶቹም የዘርፉን አቅጣጫ የቀየሩ ናቸው። ችግሩ ያለው በሙከራውና በምክሩ መካከል ባሉት ደረጃዎች ላይ ነው፤ ጸሐፊው ዘሏቸዋል። ከምክሮቹ ሁለቱ፣ ማለትም አንቲባዮቲክንና ክትባትን መተው፣ ጸሐፊው ሊከላከለው የፈለገውን ጉዳት ራሱን የሚያመጡ ናቸው። ምላሹን ለመጻፍ ያስገደደንም ይኸው ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማንኛውም ትኩሳት የፅንሱን አንጎል ይጎዳል ስለሚለው

የዚህ ሐሳብ መነሻ በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም የነበረው ፖል ፓተርሰንና ባልደረቦቹ የሠሩት ሥራ ነው። እርጉዝ አይጦችን ምንም ቫይረስ ሳያስይዙ ሰውነታቸው ቫይረስ እንደገባበት እንዲቆጥር አደረጉ። የወጓቸው ፖሊ አይ-ሲ የሚባል፣ የቫይረስን ዘረ መል የሚመስል ሰው ሠራሽ ድርብ አር ኤን ኤ ነው። በ2007 ባሳተሙት ሥራ የውጤቱን ትልቁን ድርሻ የሚሸከመው ኢንተርሉኪን-6 የተባለው ሳይቶካይን (የመከላከያ ሕዋሳት መልእክት የሚለዋወጡበት ፕሮቲን) መሆኑን በሦስት መንገድ አረጋገጡ። ኢንተርሉኪን-6ን ብቻውን በእርግዝናው አጋማሽ አንድ ጊዜ ሲወጉ የግልገሎቹ ጠባይ ተለወጠ። ከፖሊ አይ-ሲው ጋር ኢንተርሉኪን-6ን የሚያመክን ፀረ እንግዳ አካል ሲሰጡ ለውጡ ቀረ። የኢንተርሉኪን-6 ጂን በሌላቸው አይጦች ላይ ደግሞ ፖሊ አይ-ሲው ያንን ውጤት አላመጣም። በ2011 ኢሌን ሺያውና ፓተርሰን ኢንተርሉኪን-6 እንግዴ ልጁ ራሱ ላይ አርፎ የእድገት ሆርሞን ሥርዓቱን እንደሚያዛባ አሳዩ። ስለዚህ «የእናት የመከላከል ምላሽ ፅንሱን ሊነካ ይችላል» የሚለው እውነት ነው፤ እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር አንከራከርም።

የምንከራከረው ስለ መጠኑና ስለ ጊዜው ነው። በብዙ ቤተ ሙከራዎች የተለመደው መጠን ለአንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት 20 ሚሊ ግራም ሲሆን በ12.5ኛው የእርግዝና ቀን ሆድ ዕቃ ውስጥ ይወጋል። የአይጥ እርግዝና የሚቆየው ከ19 እስከ 20 ቀን ብቻ ነው፤ የሰው 40 ሳምንት ነው። በርዝመት ብቻ ቢመዘን የአይጥ አንድ ቀን ከሰው ሁለት ሳምንት ገደማ ጋር ይስተካከላል። እድገቱ ደረጃ በደረጃ አንድ ለአንድ ባይገጥምም፣ አይጧ ላይ ለአንድ ቀን የዘለቀ ኃይለኛ ምላሽ የአንጎል ቅርፊት ነርቮች ከሚፈጠሩበት ጊዜ ጉልህ ክፍል ይሸፍናል። በሰው ላይ የሦስት ቀን ጉንፋን የሚሸፍነው ግን ከዚያ ጊዜ እጅግ ትንሹን ነው። የቤተ ሙከራ ሰዎች ሌላም የሚያውቁት ችግር አለ፤ ፖሊ አይ-ሲ ከአንድ ምርት ወደ ሌላ ምርት ጥንካሬው ይለያያል፣ የአር ኤን ኤው ሰንሰለት ርዝመትም የባክቴሪያ መርዝ ብክለቱም እኩል አይደለም። ስለዚህ በመጠን ብቻ መተማመን አይቻልም፤ በተወጋችው አይጥ ደም ውስጥ ኢንተርሉኪን-6 ምን ያህል እንደወጣ መለካት ያስፈልጋል።

ጥናቶቹን ለሚያነብ ሰው ደግሞ አንድ ልዩ ጥንቃቄ አለ። የተወጋችው እናቲቱ ናት እንጂ ግልገሎቹ አይደሉም። አምስት እናቶች ተወግተው አርባ ግልገሎች ቢመዘኑ የናሙናው ብዛት አምስት ነው፤ የአንድ እናት ግልገሎች አንዱ ከሌላው ነጻ የሆኑ ምስክሮች አይደሉም። አርባ ተብሎ የተሰላ ትንታኔ የሌለ ልዩነት ያለ አስመስሎ ያሳያል። ጸሐፊው ከጠቀሳቸው ሥራዎች መካከል ይህ ስሌት በትክክል የተሠራባቸውን ከሌሎቹ ለይቶ አላቀረበም።

ወደ ሰው ስንመጣ ጠንካራው ማስረጃ ሩቤላ የሚባለው፣ ሽፍታ የሚያመጣ የቫይረስ በሽታ ነው። በ1964 እና 1965 አሜሪካ ውስጥ በተነሣው ወረርሽኝ 12.5 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች ተይዘው 20 ሺህ ገደማ ሕፃናት የሩቤላ ጉዳት ይዘው ተወለዱ። የልጆች የአእምሮ ሐኪም የነበረችው ስቴላ ቼስ ከነዚህ 243ቱን ተከታትላ ኦቲዝም ከሚጠበቀው እጅግ በዝቶ አገኘች። ይሁን እንጂ የሩቤላ ቫይረስ ራሱ በእንግዴ ልጁ አልፎ የፅንሱን ሕዋሳት ያጠቃል፤ ጉዳቱ የእናት መከላከያ ምላሽ ብቻ ሥራ አይደለም። ጽሑፉ ሁለቱን መንገዶች አንድ አድርጎ አቅርቧቸዋል። መለየታቸው ግን ግድ ነው፤ የመጀመሪያውን የሚዘጋው አስቀድሞ መከተብ ነው፣ ሁለተኛውን የሚቀንሰው ኢንፌክሽኑን ቶሎ ማከም ነው።

ከሩቤላ ውጭ ያለው መረጃ እንደ ሕመሙ ክብደት ይለያያል። በ2010 የታተመ የዴንማርክ ጥናት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በቫይረስ በሽታ ሆስፒታል የተኙ እናቶች ልጆች ላይ ኦቲዝም ሦስት እጥፍ ገደማ መሆኑን አሳየ። ያው ቡድን በ2012 ከ96 ሺህ በላይ ልጆችን ይዞ ሲመለስ ግን ተራ ኢንፌክሽኖች በአጠቃላይ ከኦቲዝም ጋር ግንኙነት አልታየባቸውም፤ ምልክቱ የቀረው እንደ ሳምንትና ከዚያ በላይ የዘለቀ ትኩሳት ባሉት ላይ ነበር፣ ተመራማሪዎቹም ብዙ ነገር ስለፈተሹ በአጋጣሚ የመጣ ሊሆን እንደሚችል ራሳቸው አስጠንቅቀዋል። በ2018 የታተመው የኖርዌይ ጥናት 95,754 ልጆችን ተመልክቶ በሁለተኛው ሦስት ወር ትኩሳት ለነበራቸው 1.4 እጥፍ፣ ከ12ኛው ሳምንት በኋላ ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ትኩሳት ለነበራቸው 3.12 እጥፍ አገኘ።

ጽሑፉ «ሦስት እጥፍ» የሚለውን ቁጥር ብቻ መዝዞ አቅርቧል። ለስሌት ያህል ከ1,000 ልጆች 15ቱ ላይ ኦቲዝም ይገኛል ብለን እንነሣ፤ 1.4 እጥፍ ማለት 21 ልጆች ነው። ያ ማለት ትኩሳት ከነበራቸው 1,000 እናቶች 979ኙ ኦቲዝም የሌለው ልጅ ይወልዳሉ ማለት ነው። ይህንን ያልነገረ ጽሑፍ ያስፈራል እንጂ አያስረዳም።

ከሁሉም በላይ ጸሐፊው ሊያነበው ይገባ የነበረው በ2022 የታተመው የስዊድን ጥናት ነው። 550 ሺህ ገደማ ልጆችን ይዞ በእርግዝና ጊዜ በኢንፌክሽን የታከሙ እናቶች ልጆች ላይ ኦቲዝም 1.16 እጥፍ ሆኖ አገኘው። ከዚያ ሁለት ነገር አደረገ። የአንድ እናት ልጆችን እርስ በርስ አነጻጸረ፤ አንዱ በእርግዝናው ጊዜ እናቱ የታመመችበት፣ ሌላው ያልታመመችበት። ልዩነቱ ጠፋ። ቀጥሎ ከእርግዝናው በፊት ባለው ዓመት የታመሙትን ተመለከተ፤ ፅንስ ገና ያልነበረበት ኢንፌክሽን ከኦቲዝም ጋር ያው ግንኙነት ነበረው። ይህ የሚያሳየው ከግንኙነቱ ብዙው የሚመጣው እናትና ልጅ ከሚጋሩት ዘር ወይም ኑሮ መሆኑን ነው። በአምስት አገሮች ሁለት ሚሊዮን ገደማ ልጆችን የያዘው የ2019 ጥናት ኦቲዝም ላይ ከሚታየው ልዩነት 80 በመቶ ያህሉን ለዘር ውርስ መስጠቱም ከዚህ ጋር ይገጥማል። የእርግዝና ኢንፌክሽን ምንም ድርሻ የለውም አንልም፤ ሆስፒታል የሚያስተኛ ከባድ ሕመም የተለየ ጉዳይ ነው። ተራ ጉንፋን ይዟት በጸጸት ለምትብሰለሰል እናት ግን መረጃው የሚደግፈው ጸጸት የለም።

ተግባሩም ቀላል ነው። ትኩሳት በእጅ ዳሰሳ አይለካም፤ በቴርሞሜትር 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲሆን ይታከማል። ፓራሲታሞል ከ500 እስከ 1,000 ሚሊ ግራም፣ በሁለት መጠኖች መካከል ቢያንስ አራት ሰዓት ተጠብቆ፣ በ24 ሰዓት ከ4 ግራም ሳይበልጥ፣ ለሚያስፈልገው አጭር ጊዜ ይወሰዳል። ብዙዎች የሚስቱት የጉንፋን ቅይጥ መድኃኒቶች ውስጥም ፓራሲታሞል መኖሩን ነው፤ ሁለቱን አብሮ መውሰድ ሳይታወቅ ከመጠን ያሳልፋል። ፓራሲታሞል ራሱ ኦቲዝም ያመጣል የሚለውን ስጋት በ2024 የታተመ ሌላ የስዊድን ጥናት 2.48 ሚሊዮን ልጆች ላይ መርምሮ ወንድምና እህትን ሲያነጻጽር ግንኙነቱ አልታየም። ኢቡፕሮፌን ግን የተለየ ነው፤ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የፅንሱን ኩላሊት ነክቶ የሽርት ውሃውን ሊያሳንስ ይችላል፣ ወደ መጨረሻው ደግሞ የፅንሱን የልብ ቱቦ ያለጊዜው ሊዘጋ ይችላል። ትኩሳቱ ወርዶም መንስኤው ካልታወቀ መፈለግ አለበት፤ ሽንት፣ ወባ ባለበት አካባቢ ደም፣ ሳንባ፣ የሽርት ውሃው መፍሰስ አለመፍሰሱ።

ጽሑፉ የመከላከል ሥርዓቱን ጠላት አድርጎ ሲስል የዘለለው ሌላ ነገር አለ። የእናት አይጂጂ ፀረ እንግዳ አካላት ከ13ኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ ራሱን በቻለ ተቀባይ በእንግዴ ልጁ ተሸክመው ይሻገራሉ፤ አብዛኛው የሚሻገረው በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ነው፣ ሲወለድም ሕፃኑ ከእናቱ የበለጠ ይዞ ሊገኝ ይችላል። ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን በኢንፌክሽን በቀላሉ የሚጠቃበት አንዱ ምክንያት ይህን ድርሻውን ሳያገኝ መውጣቱ ነው። የአንጎል የራሱ ተከላካይ ሕዋሳት የሆኑት ማይክሮግሊያዎችም ከአስኳል ከረጢት ተነሥተው ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወደ አንጎል ይገባሉ፤ ትርፍ ሕዋሳትን ያጸዳሉ፣ የነርቭ መገናኛዎችን ይከረክማሉ። ያለ መከላከል ሥርዓት አንጎል አይገነባም።

ባክቴሪያዎቹ ፅንሱ ውስጥ ይሰፍራሉ ስለሚለው

ይህኛው በአጭሩ ስሕተት ነው። በ2014 በእንግዴ ልጅ ውስጥ የባክቴሪያ ዲ ኤን ኤ ተገኘ የሚል ሥራ ወጥቶ ብዙ ተወርቶለታል። ችግሩ የሚነሣው ከላብራቶሪው ነው። ናሙናው ውስጥ ያለው ዲ ኤን ኤ እጅግ ጥቂት ሲሆን፣ በመመርመሪያ ፈሳሾቹና በዕቃዎቹ ውስጥ ያለው የባክቴሪያ ዲ ኤን ኤ ከናሙናው በልጦ ይነበባል። ባዶ ናሙና ጎን ለጎን ያልተመረመረበት ጥናት ብክለቱን ግኝት አድርጎ ያቀርበዋል። በ2019 ከ500 በላይ እንግዴ ልጆችን በሁለት የተለያዩ የዲ ኤን ኤ ማውጫ ዘዴዎች የመረመረ ጥናት ቋሚ የባክቴሪያ ማኅበር አላገኘም፤ በ5 በመቶ ገደማው ላይ ግን በሽታ ሊያመጣ የሚችል የቡድን ቢ ስትሬፕቶኮከስ አገኘ። ስለዚህ ባክቴሪያ ፅንሱ ዘንድ ሲገኝ ነገሩ በሽታ ነው።

ከዚህም የቀደመ ማስረጃ አለ። ከጀርም ነጻ የሆኑ አይጦች መንጋ የሚጀመረው ተራ እናትን በንጹሕ ቀዶ ጥገና አዋልዶ ግልገሎቹን ጀርም በሌለበት ክፍል ጀርም በሌላት አጥቢ በማሳደግ ነው። ግልገሎቹ በማሕፀን ሳሉ ባክቴሪያ ሰፍሮባቸው ቢሆን ኖሮ ይህ ዘዴ ባልሠራ ነበር። ለአሥርተ ዓመታት እየሠራ ነው።

የሚሻገረው ሌላ ነገር ነው፤ ባክቴሪያዎቹ የሚያመርቷቸው ጥቃቅን ሞለኪውሎች። በ2020 የኢሌን ሺያው ቤተ ሙከራ ያሳተመው ሥራ እዚህ ላይ ዋና ነው። ከጀርም ነጻ የሆኑ ወይም ከፅንሰት በፊት ጀምሮ እስከ እርግዝናው አጋማሽ በአንቲባዮቲክ ቅይጥ አንጀታቸው የጸዳ አይጦች ፅንሶች ላይ፣ ከታላመስ (የስሜት ሕዋሳትን መልእክት ከሚያስተላልፈው የአንጎል ክፍል) ተነሥተው ወደ አንጎል ቅርፊት የሚሄዱት የነርቭ ገመዶች አንሰው ተገኙ፤ ግልገሎቹም ሲያድጉ ለንክኪ ያላቸው ምላሽ ተለውጦ ነበር። ስፖር ፈጣሪ ባክቴሪያዎችን ለእናቲቱ ሲመልሱ፣ አልያም ባክቴሪያዎቹን ትተው የተመረጡ ሞለኪውሎችን ብቻ ሲሰጧት ገመዶቹ ተስተካከሉ። ከሞለኪውሎቹ መካከል ትራይሜቲላሚን ኤን-ኦክሳይድና ሂፑሬት ይገኙበታል። ይህ የመጨረሻው እርምጃ ነገሩን ይቋጨዋል፤ ባክቴሪያው ሳይሻገር ውጤቱ ተሻግሯል። በ2014 የወጣ ሌላ ሥራ ከጀርም ነጻ እናቶች ፅንሶች ላይ በደምና በአንጎል መካከል ያለው ግርዶሽ የሚያሳልፍ ሆኖ አግኝቶታል፤ በ2018 የወጣው ደግሞ ማይክሮግሊያዎቹ ገና በማሕፀን ሳሉ፣ በወንድና በሴት ፅንሶች ላይ በተለያየ መልክ፣ የእናትን አንጀት ሁኔታ እንደሚያንጸባርቁ አሳይቷል።

የኦቲዝም ባክቴሪያ ተገኝቷል ስለሚለው

ጽሑፉ እዚህ ላይ የጠቀሰው የግሎሪያ ቾይን፣ የጁን ሁንና የባልደረቦቻቸውን ሥራ ነው። በ2016 ባሳተሙት፣ ፖሊ አይ-ሲ የተወጉ እርጉዝ አይጦች ውስጥ ቲኤች-17 የሚባሉ የመከላከያ ሕዋሳት ኢንተርሉኪን-17ኤን እንደሚያመርቱ፣ በግልገሎቹ የአንጎል ቅርፊት ላይም የሕዋሳቱ ንብርብር የተዘበራረቀባቸው ትናንሽ ቦታዎች እንደሚታዩ አሳዩ። ኢንተርሉኪን-17ኤን ሲያመክኑት ሁለቱም፣ የቅርፊቱ መዛባትና የጠባዩ ለውጥ፣ ቀሩ። በ2017 ደግሞ እርጉዞቹን ታኮኒክና ጃክሰን ከሚባሉ ሁለት የአይጥ አቅራቢዎች ገዝተው አነጻጸሩ። የታኮኒክ አይጦች አንጀት ላይ ክር መሰል የሆነ፣ ከአንጀት ግድግዳ ጋር ተጣብቆ የሚኖር ባክቴሪያ አለ፤ የጃክሰኖቹ ላይ የለም። ፖሊ አይ-ሲው ውጤት ያመጣው በታኮኒኮቹ ላይ ብቻ ነበር። ለጃክሰኖቹ ባክቴሪያውን ሲሰጧቸው እነሱም ተጋላጭ ሆኑ። ቫንኮማይሲን የተባለ አንቲባዮቲክ አስቀድሞ የተሰጣቸው ታኮኒኮች ልጆች ደህና ሆኑ።

ከዚህ «ባክቴሪያው ኦቲዝም ያመጣል» የሚለው ድምዳሜ አይወጣም። ባክቴሪያውን የያዙ፣ ፖሊ አይ-ሲ ግን ያልተወጉ እናቶች ልጆች ጤነኞች ነበሩ፤ ባክቴሪያው ምላሹን አጋነነው እንጂ ብቻውን ምንም አላደረገም። ቀጥሎ፣ ተመራማሪዎቹ ከሰው አንጀት የተወሰዱና ቲኤች-17 ሕዋሳትን የሚያበዙ ሌሎች ባክቴሪያዎችን ሰጥተው ተመሳሳይ ውጤት አግኝተዋል። ወሳኙ ቲኤች-17ን የማነሣሣት ችሎታ እንጂ የአንድ ባክቴሪያ ስም አይደለም፤ ስለዚህ አንድ ስም ይዞ በሰገራ ውስጥ ማደን ትርጉም የለውም። ሌላው የመለኪያዎቹ ነገር ነው። ኦቲዝም በአይጥ የሚለካው ግልገሉ ከእናቱ ሲለይ በሚያሰማው ከጆሯችን በላይ በሆነ ድምፅ፣ የመስታወት ኳሶችን በመቅበሩ፣ ሦስት ክፍል ባለው ሳጥን ውስጥ ከሌላ አይጥ ጋር በሚያሳልፈው ደቂቃ ነው። እነዚህ ለዘዴ ምርመራ ጠቃሚ ናቸው፤ የቋንቋና የማኅበራዊ ግንዛቤ ሁኔታ የሆነውን የሰው ኦቲዝም ግን አይተኩም።

ኢንተርሉኪን-17ኤ ራሱም ሁልጊዜ ጎጂ አይደለም። ያው ተመራማሪዎች የሚገኙበት ቡድን በ2020 እንዳሳየው፣ እናቶቻቸው ፖሊ አይ-ሲ የተወጉ አይጦች አድገው በባክቴሪያ ንጥረ ነገር የመከላከል ምላሻቸው ሲቀሰቀስ ኢንተርሉኪን-17ኤ ጨምሮ ከሌሎች አይጦች ጋር ያላቸው ግንኙነት ተሻሻለ። አንዱ ሞለኪውል በፅንስ አንጎል ውስጥ የሚያደርገውና በጎልማሳ አንጎል ውስጥ የሚያደርገው ይለያያል።

ጸሐፊው «ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች አንጀት የተለየ ነው» ማለቱም ፍሬ ነገሩን ገልብጦታል። በ2021 የታተመ፣ 247 ልጆችን የያዘ የአውስትራሊያ ጥናት እንዳሳየው፣ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች የሚመርጡት የምግብ ዓይነት ጠባብ ስለሆነ አንጀታቸው ውስጥ ያለው የባክቴሪያ ዓይነት ያንሳል። ጥናቱ የጠቆመው አቅጣጫ ከአመጋገቡ ወደ አንጀቱ እንጂ ከአንጀቱ ወደ አንጎሉ አይደለም።

አንቲባዮቲክ አትውሰዱ ስለሚለው

ይህ ምክር ሰው ይጎዳል። በመጀመሪያ የጸሐፊውን ማስረጃ እንመልከት። ለክርክሩ የጠቀሰው የ2017 ሙከራ አንቲባዮቲክ ግልገሎቹን እንዳዳናቸው ያሳያል፤ የ2020ው ደግሞ አንቲባዮቲክ የነርቭ ገመዶችን እንዳሳነሰ። ሁለቱ አይጣሉም። በአንዱ የመከላከል ምላሽ ተቀስቅሷል፣ በሌላው አልተቀሰቀሰም፤ በአንዱ የተወሰነ ባክቴሪያ ተነሣ፣ በሌላው አንጀቱ ከሞላ ጎደል ባዶ ሆነ። ከሁለቱ አንዱም ለሰው የመድኃኒት ማዘዣ አይሆንም፤ ለሳምንታት አንጀትን የሚያጸዳ ቅይጥና ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን የሚሰጥ የአንድ ሳምንት መድኃኒትም አንድ አይደሉም።

አሁን ሳይታከም ሲቀር የሚሆነውን እንይ። ነፍሰ ጡር ላይ ምንም ሳያማት ሽንቷ ውስጥ ባክቴሪያ ሊኖር ይችላል፤ በአንድ ሚሊ ሊትር 100,000 እና ከዚያ በላይ ከበቀለ ይታከማል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ሰባት ቀን ነው። ካልታከመ ከአራት ሴቶች እስከ አንዷ ላይ ወደ ኩላሊት ወጥቶ ከፍተኛ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ያመጣል፤ ማለትም ኢንተርሉኪን-6ን በብዛት የሚያፈልቀውን፣ ጸሐፊው የፈራውን ያንኑ ሁኔታ። ናሙናው ሲወሰድ የሚፈጠረው ስሕተት የታወቀ ነው፤ አካባቢው ሳይታጠብና የመጀመሪያው ሽንት ሳይፈስ የተቀዳ ናሙና የቆዳን ባክቴሪያ ይዞ ይመጣል፣ ሰዓታት ሳይቀዘቅዝ የቆየም በሐሰት ይበዛል። መድኃኒቱ ካለቀ ከሳምንት በኋላ ባክቴሪያውን አብቅሎ የሚያየው የሽንት ምርመራ (ካልቸር) ይደገም። ቂጥኝ ደግሞ በእርግዝና የተገኘ እንደሆነ በጡንቻ የሚሰጥ 2.4 ሚሊዮን ዩኒት ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ይሰጣል፤ በመጀመሪያ ደረጃው አንድ ጊዜ፣ ለቆየው በየሳምንቱ ሦስት ጊዜ። የፅንሱን አንጎል ከቂጥኝ የሚከላከል ሌላ አማራጭ የለም። የቡድን ቢ ስትሬፕቶኮከስ ላለባት በምጥ ጊዜ ፔኒሲሊን በደም ሥር 5 ሚሊዮን ዩኒት፣ ከዚያ በየአራት ሰዓቱ ከ2.5 እስከ 3 ሚሊዮን ዩኒት ይሰጣል፤ ከወሊዱ ቢያንስ አራት ሰዓት ቀድሞ ሲጀመር በተሻለ ይሠራል፤ የሚከላከለውም የአራስ ልጅን የደም መመረዝና የማጅራት ገትር ነው።

ጥንቃቄው ያለው በምርጫው ላይ ነው። ቴትራሳይክሊን ከአራተኛው ወር በኋላ የልጁን ጥርስ ያበላሻል፣ ስትሬፕቶማይሲን ጆሮን ይጎዳል፣ ለሽንት የሚሰጠው ናይትሮፉራንቶይን ወሊዱ ሲቃረብ ይቀራል። ለቫይረስ ጉንፋን አንቲባዮቲክ መውሰድ ስሕተት ነው፤ ያኔ ጸሐፊው ትክክል ነው። የታዘዘውን ግማሽ መንገድ ላይ ማቋረጥ ደግሞ ሁለቱንም ያሳጣል፤ አንጀቱ ተነክቷል፣ ኢንፌክሽኑም አልዳነም።

ክትባት ያው ሳይቶካይን ያስነሣል ስለሚለው

ያስነሣል፤ መጠኑ ግን ከበሽታው ጋር አይወዳደርም፣ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥም ይበርዳል። በ2017 ካሊፎርኒያ ውስጥ 196,929 ልጆች ላይ የተደረገ ጥናት በእርግዝና የተሰጠ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት በአጠቃላይ ከኦቲዝም ጋር ግንኙነት አላሳየበትም። በመጀመሪያው ሦስት ወር ለተከተቡት 1.2 እጥፍ የሚል ምልክት ታይቶ ነበር፤ ብዙ ንጽጽሮች ስለተደረጉ ተገቢው እርማት ሲደረግ በአጋጣሚ ከሚመጣው ክልል አልወጣም። ጽሑፉ ይህን አንድ ቁጥር ይዞ እርማቱን ተወው።

ልዩነት የሚያስፈልገው በክትባቶቹ ዓይነት ላይ ነው። የኢንፍሉዌንዛው ክትባት የተገደለ ቫይረስ ስለሆነ በማንኛውም ወር ይሰጣል። የትክትክ ቅይጥ ክትባት ከ27ኛው እስከ 36ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ሲሰጥ ከላይ የተናገርነው የአይጂጂ መሻገር በሚበዛበት ሰዓት ይደርሳል። የሩቤላ፣ የኩፍኝና የጉድፍ ክትባቶች ግን የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ስለያዙ በእርግዝና አይሰጡም፤ ከማርገዝ ቢያንስ አንድ ወር በፊት መወሰድ አለባቸው። ሩቤላ በእርግዝና መጀመሪያ ሳምንታት የያዛት እናት ቫይረሱን ለፅንሷ የማስተላለፍ ዕድሏ እስከ 90 በመቶ ስለሚደርስ፣ ማርገዝ የምታስብ ሴት አስቀድማ የሩቤላ ፀረ እንግዳ አካል መመርመሯ የፅንስን አንጎል ለመጠበቅ ከምታደርጋቸው ነገሮች ሁሉ ከፊተኞቹ ይሰለፋል። ከክትባት በኋላ 38 ዲግሪ ያለፈ ሙቀት ከመጣ የሚወሰደው ያው ፓራሲታሞል ነው።

ሰገራ አስመርምሮ ፕሮባዮቲክ መውሰድ ስለሚለው

የንግድ ሰገራ ምርመራ በአብዛኛው የሚያነበው 16 ኤስ የሚባለውን የባክቴሪያ ጂን ቁራጭ ነው። የሚሰጠው ድርሻ ነው እንጂ ብዛት አይደለም፤ አንዱ ባክቴሪያ 10 በመቶ ሆኖ «ጨመረ» ሲባል ምናልባት ሌሎቹ ቀንሰው ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ ከወገን ደረጃ አልፎ ዝርያውን አይለይም፤ ቲኤች-17ን የሚቀሰቅሱትና የማይቀሰቅሱት ደግሞ የሚለያዩት በዝርያ ደረጃ ነው። ናሙናው በክፍል ሙቀት ሰዓታት ከቆየ የሚበቅለው ይበቅላል፣ የሚሞተው ይሞታል። ለነፍሰ ጡር «ይህ መደበኛ ነው» የሚባል ልክም አልተቀመጠም። በ2012 የታተመ ጥናት ከመጀመሪያው ወደ መጨረሻው ሦስት ወር የባክቴሪያዎቹ ስብጥር በተፈጥሮ እንደሚቀየር አሳይቷል፤ ምርመራው ይህን «መዛባት» ብሎ ቢመልስላት ላልታመመ ነገር መድኃኒት ትጀምራለች።

ፕሮባዮቲክን በተመለከተ ጽሑፉ «ቢያንስ አይጎዳም» ይላል። የብዙ ጥናቶችን ውጤት በአንድነት የሚመዝነው፣ በ2021 የታተመው የኮክሬን ግምገማ ፕሮባዮቲክ በእርግዝና የሚመጣን ስኳር በሽታ መከላከሉን አላገኘም፤ በአራት ጥናቶች፣ በ955 ሴቶች ላይ ግን የፕሪኢክላምፕሲያ መጠን 1.85 እጥፍ ሆኖ አገኘው። ፕሪኢክላምፕሲያ በእርግዝና የሚነሣ የደም ግፊት በሽታ ሲሆን ያለጊዜው ማዋለድን ሊያስገድድ ይችላል፤ ያለጊዜው መወለድ ደግሞ የአንጎል እድገትን ከሚጎዱ ነገሮች ዋነኛው ነው። ላክቶባሲለስ ሮይተሪ የአይጥ ግልገሎችን ጠባይ አሻሻለ የተባለው የ2016 ሙከራም ባክቴሪያውን የሰጠው ለእርጉዝ እናት አልነበረም፤ እናቶቻቸው ቅባት የበዛበት ምግብ ለበሉ፣ ለተወለዱና ጡት ለጣሉ ግልገሎች ነው።

ለሰገራ ምርመራና ለፕሮባዮቲክ በሚወጣው ገንዘብ የመጀመሪያው የእርግዝና ክትትል ላይ የሽንት ካልቸር፣ የቂጥኝ፣ የኤች አይ ቪና የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ፣ የሄሞግሎቢንና የደም ግፊት ልኬት ይሠራል። ፎሊክ አሲድ 400 ማይክሮ ግራም በየቀኑ ከማርገዝ ቢያንስ አንድ ወር በፊት ይጀመራል፤ የፅንሱ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚሠሩበት የነርቭ ቱቦ ከፅንሰት በኋላ በ28ኛው ቀን ገደማ ስለሚዘጋ ወር አበባዋ ከቀረ በኋላ የጀመረች ሴት ዋናው ጊዜ ያልፋታል። ቀድሞ የነርቭ ቱቦ ጉድለት ያለበት ልጅ የወለደች መጠኗ 4 ሚሊ ግራም ነው፤ ይህንንም ሐኪም ያዝዝላታል። ያልተፈላ ወተትና ከእሱ የተሠራ ለስላሳ አይብ በእርግዝና ይቅር፤ ሊስቴሪያ የተባለው ባክቴሪያ በእነሱ ይገባል፣ እናቲቱን እንደ ቀላል ጉንፋን ነክቷት ሲያልፍ ፅንሱን ግን ሊገድል ይችላል።